ናሱን በቀጥታ ከላፕቶፑ ጋር ማገናኘት ይቻላል ወይ? የአንድ ጥያቄና የ27 ምላሾች ወሬ

ጥያቄውን አንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የከፈተው ሰርግ የሚቀርጽ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከእህቱ ጋር ትንሽ ስቱዲዮ አለው። ጊዜው ጥር ነበር። ጥር ለቪዲዮ አንሺ ምን ማለት እንደሆነ ሙያው ውስጥ ያለ ያውቀዋል። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሁሉም ያገባል። ቅዳሜ ሰርግ፣ እሁድ ሰርግ፣ በማግስቱ መልስ። ልጁ ሒሳቡን ቁጭ አድርጎታል። ካሜራው በ4ኬ፣ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ይቀርጻል። ያ በሰዓት 45 ጊጋባይት ነው። ሁለት ካሜራ ስድስት ሰዓት ሲሠራ 540 ጊጋባይት። የአንድ ሰርግ ብቻ!

ይህን ሁሉ የሚያስቀምጥበት ባለሁለት ዲስክ ናስ ገዛ። ናስ ስል ብረቱን አይደለም። በኔትወርክ ገመድ የሚሠራውን የፋይል ማስቀመጫ ሳጥን ነው። (ይህን ማብራራት ለምን እንዳስፈለገኝ 2ኛው ምላሽ ላይ ታያላችሁ።) ሳጥኑን ቤት ካለው ሞደም ጋር ሰካው። ላፕቶፑ በዋይፋይ ገባ። ኮፒው በሰከንድ 6 ሜጋባይት ላይ ተገተረ። በዚህ አካሄድ አንድ ሰርግ ለማስቀመጥ 25 ሰዓት ይፈጃል፤ ያውም በመሃል መብራት ካልሄደ። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠየቀ። ሞደሙን ትቶ ናሱን በአንድ ገመድ በቀጥታ ከላፕቶፑ ጋር ቢያገናኘው ይሠራ እንደሆነ፣ ከሠራም ኢንተርኔቱ ይቋረጥበት እንደሆነ።

ክሩን፣ ማለትም የጥያቄውንና የምላሾቹን ሰንሰለት፣ ከጥግ እስከ ጥግ ተከታትዬዋለሁ። ሁለት ቦታ እኔም ገብቼበታለሁ።

1ኛው ምላሽ ሁለት መስመር ነው። እንደሚሠራና መሰካት ብቻ እንደሚበቃ ነገረው። ድሮ ለእንዲህ ያለ ነገር ሽቦው የተጠላለፈ ልዩ ገመድ ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ ጊጋቢት ፖርቶች ራሳቸው ስለሚያስተካክሉት ተራ ገመድ ይበቃል። እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው። ሰክቶ ብቻ የጨረሰ ሰው ግን እኔ እስካሁን አላየሁም።

2ኛው ናስ በኪሎ ስንት እንደገባ ጠየቀ። ምን አለሽ ተራ ሄዶ ሲፈልግ ውሎ እንዳጣ ነው የጻፈው። ይቀልድ ይሁን የምሩን ይሁን ማንም አልገባውም። አንድ ሰው እንኳ አልመለሰለትም። ብቻ ልብ በሉት፣ ይመለሳል።

3ኛው ረጋ ያለ ሰው ነው። የ1ኛውን ቅንነት ሳይነካ አረመው። ቤት ውስጥ ለየዕቃው አይፒ አድራሻ (ኔትወርክ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) የሚያድለው ሞደሙ ነው። ሞደሙ ከመሃል ሲወጣ አዳይ የለም። ላፕቶፑና ናሱ ተፋጠው ይቀራሉ። ትንሽ ከጠበቁ ሁለቱም በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሳቸው ያወጣሉ፤ ብዙ ጊዜ በዚያም ይገናኛሉ። ግን ያ አድራሻ ሊቀየር ይችላል፤ ዛሬ የተገኘውን ሳጥን ነገ መፈለግ ይመጣል። ስለዚህ አድራሻውን በእጅ መስጠት እንደሚሻል መከረው። ለላፕቶፑ የገመድ ፖርት 192.168.50.1፣ ለናሱ 192.168.50.2፣ ሰብኔት ማስክ የሚለው ቦታ ለሁለቱም 255.255.255.0። ጌትዌይ የሚለው ቦታ ባዶ ይቅር። ዋይፋዩ አይነካ፤ ኢንተርኔቱ በዚያው ይቀጥላል። መጨረሻ ላይ አንዲት ማሳሰቢያ ጣል አደረገ፤ እኔ ከሁሉ የወደድኳት እሷን ነው። የናሱ አድራሻ መቀየር ያለበት ሳጥኑ ገና ሞደሙ ላይ እያለ ነው። መጀመሪያ ነቅሎ ኋላ እቀይራለሁ ያለ ሰው የሚቀይርበት መግቢያ ያጣል።

4ኛው ራሱ ጠያቂው ነው። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተናዶ ተመለሰ። ኢንተርኔቱ ድርግም ብሏል። ናሱም አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይሰወራል። የሰጠውን አድራሻ ሲዘረዝር ነገሩ ገባን። 50 የሚለው ቁጥር እንግዳ ስለሆነበት እንደ ሞደሙ 192.168.1 ብሎ ጀምሯል። የጌትዌዩ ባዶ መሆን ደግሞ ስላልጣመው የሞደሙን ቁጥር ሞልቶበታል።

5ኛው አልማረውም። ባዶ ተው የተባለውን ከሞላ መጠየቁ ለምን እንዳስፈለገው በግልጽ ጠየቀው። ከቁጣው በኋላ ግን ጥሩ አድርጎ አስረዳ። ጌትዌይ ወደ ውጭ የሚያስወጣ በር ነው። በናሱ በኩል በር የለም፣ ግድግዳ ነው። ላፕቶፑ እዚያ በር አለ ተብሎ ሲነገረው ኢንተርኔት ፍለጋ ሄዶ ከግድግዳው ጋር ይላተማል። ዋይፋዩና ገመዱ በአንድ ዓይነት ቁጥር ሲጀምሩ ደግሞ በየትኛው መውጣት እንዳለበት ይምታታበታል። ለዚህ ነው ገመዱ ለብቻው ሌላ ቁጥር የሚሰጠው። እኔ በጠያቂው ቦታ ብሆን ስድቡን ውጬ ማብራሪያውን እይዝ ነበር። እሱም እንደዚያው አደረገ።

6ኛው ቀድሞ የሚመጣውን ችግር አየ። ናሱ የዊንዶውስ የኔትወርክ ዝርዝር ውስጥ ላይታይ ይችላል። ያ ማለት የለም ማለት አይደለም። በፋይል መስኮቱ አናት ላይ \\192.168.50.2 ብሎ መጻፍ ይበቃል። እንደዚያም ሆኖ እምቢ ካለና ሳጥኑ አሮጌ ከሆነ የሚናገረው የመጀመሪያውን ኤስኤምቢ (ዊንዶውስ ፋይል በኔትወርክ የሚለዋወጥበትን ቋንቋ) ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ 10 ይህን ከ2017 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዘግቶ ነው የሚመጣው። እሱን መልሶ ለማብራት መንገድ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ሞልተዋል፤ 6ኛው አደራ እንዳትነኩት አለ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የሚባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ የተሰራጨው በዚያ ቀዳዳ ነበርና። የናሱን ሶፍትዌር ማደስ ይቀድማል።

7ኛዋ ከሜሪላንድ የምትጽፍ ፎቶ አንሺ ናት። እሷም የሐበሻ ሰርግ ነው የምታነሳው። የሷ ጥያቄ ሌላ ነበር። ናሱ ላይ የዩኤስቢ ቀዳዳ እያለ የኔትወርክ ገመድ ለምን እንደሚያስፈልግ። ራሷ ጠይቃ ራሷ መለሰች። ከዓመታት በፊት ሁለት ጫፉ አንድ ዓይነት የሆነ የዩኤስቢ ገመድ ገዝታ ናሷን ከላፕቶፕ ጋር አገናኝታ ነበር። ምንም አልሆነም። የናስ ዩኤስቢ እንግዳ ተቀባይ ነው፤ ዲስክ ይሰኩበታል እንጂ ራሱ ዲስክ ሆኖ አይሰካም። ተንደርቦልት የሚባለው ፈጣን ማገናኛ ያላቸው፣ እንደ አንዳንድ የኪውናፕ ኩባንያ ናሶች ያሉ ጥቂት ሞዴሎች ናቸው ለዚህ የተሠሩት፤ ዋጋቸው ደግሞ አይቀመስም።

ከ8 እስከ 12 ያለውን ቶሎ ልለፈው። 8ኛው ለሁለት ሰው ስቱዲዮ ናስ መግዛት ገንዘብ ማባከን እንደሆነ፣ ተራ ውጫዊ ዲስክ ይበቃ እንደነበር ጻፈ። ክፋት ባይኖረውም አጻጻፉ ይጎረብጣል። 9ኛዋ የጠያቂው እህት ሆና ተገኘች! እሷ ኤዲት ስታደርግ እሱ ኮፒ ማድረግ ስላለበት ነው የገዙት፣ ገንዘቡም የራሳቸው ነው። 8ኛው ከዚያ ወዲያ ድምፁ አልተሰማም። 10ኛው ጊጋቢት ማለት በሰከንድ 1000 ሜጋባይት ነው ብሎ ተከራከረ። 11ኛው በስምንት እንዲያካፍል ነገረው። 12ኛው ሁለቱንም አስታረቀ። ቢትና ባይት ይለያያሉ፤ ሲካፈል 125 ይሆናል፤ በተግባር 110 አካባቢ ከተገኘ ተመስገን ነው። አንዱን 1 ቴራባይት በሁለት ሰዓት ተኩል ያደርሳል ማለት ነው።

13ኛው ላይ ጠያቂው እንደገና መጣ። ሰዓቱ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። አድራሻው ተስተካክሏል። ኢንተርኔቱ አለ። ናሱ ይታያል። ፍጥነቱ ግን 11 ሜጋባይት። ከ6 ይሻላል፤ ቃል የተገባለት ግን 110 ነበር። አንድ ዜሮ የት እንደጠፋ ጠየቀ። አሳቀኝም፣ አሳዘነኝም።

14ኛው ምላሽ የክሩ ወገብ ነው። የጻፈው በኔትወርክ ዝርጋታ የሚተዳደር ሰው ነው። 11 የሚለው ቁጥር ራሱ ምስጢሩን እንደሚያወጣ ነው የጀመረው። 11 ሜጋባይት ማለት መስመሩ በ100 ሜጋቢት እየሄደ ነው ማለት ነው። ሳጥኑ ጤነኛ ነው፣ ላፕቶፑ ጤነኛ ነው። የታመመው ገመዱ ነው። ገመዱ ውስጥ ስምንት ሽቦ፣ አራት ጥንድ አለ። ጊጋቢት ስምንቱንም ይፈልጋል። 100 ሜጋቢት ግን በአራቱ ብቻ፣ በ1፣ 2፣ 3 እና 6 ይኖራል። ከቀሩት አንዱ ከተበጠሰ ወይም ኮኔክተሩ ውስጥ ካልነካ መስመሩ አይሞትም። ዝም ብሎ ወደ 100 ይወርዳል። ምንም መልእክት አይወጣም፣ ምንም ቀይ መብራት አይበራም። የዊንዶውስ የገመድ መስመር መረጃ ውስጥ ገብቶ ፍጥነት የሚለውን ማየት ነው፤ 1.0 ጊጋቢት ካላለ ችግሩ እዚያ ነው። ከዚያ ገመዱ ከየት እንደመጣ ጠየቀው።

ጠያቂው ይህን ሲያነብ ክሩ ላይ ሳይሆን ለ14ኛው በውስጥ መስመር ነው የመለሰለት፤ አፍሮ ይመስለኛል። ገመዱ ከሰፈር የደኅንነት ካሜራ ዝርጋታ የተረፈ ነበር። ጫፉን የመታው የጎረቤት ልጅ ነው። የቀለሙን ተራ ከጭንቅላቱ አውጥቶ ነው የደረደረው። 14ኛው ስም ሳይጠራ ተራውን ለሁሉም ጻፈ። ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት። ርካሹ ገመድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩን ብቻ መዳብ የተለበጠ ስለሆነ ቶሎ እንደሚበጠስ አስጠነቀቀ።

15ኛው እኔ ነኝ። የ14ኛውን ለመደገፍ የራሴን ጉድ አወጣሁ። ቀጭን ላፕቶፕ ገዝቼ የኔትወርክ ፖርት የለውም ነበር። በዩኤስቢ የሚሰካ አስማሚ አገኘሁ። ፍጥነቱ ከ35 ሜጋባይት አልዘል አለ። ሁለት ሳምንት ናሱን ስረግም ኖሬ አስማሚው ዩኤስቢ 2 ሆኖ ተገኘ። ዩኤስቢ 3 ስሰካ ሦስት እጥፍ ሄደ። ናሱን ይቅርታ አልጠየቅሁትም።

16ኛው ናስ በኪሎ የጠየቀው፣ የብረቱ ናስ ገዢ ነው። ተመልሶ መጣ! ከመጀመሪያው ጀምሮ ጉዳዩ የብረት እንደሆነ ተናግሮ እንደነበር፣ ማንም እንዳልሰማው አስታወሰን። መዳብ ነው ተብሎ አሉሚኒየም ተሸጠላችሁ፣ እኔ ናስ ስላችሁ ግን ሳቃችሁ ዓይነት ወቀሳ ነው። ቀልደኛ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። ከጠቅላላው ክር ብዙ ምስጋና የተሰጠው ይህ ምላሽ ነው፤ የ14ኛውን ሰው ሳስብ ትንሽ ከፋኝ።

17ኛው፣ ጠያቂው። ፋብሪካ ጫፉን የመታው ካት 6 ገመድ ገዛ። 108 ሜጋባይት። 540 ጊጋባይቱ በ83 ደቂቃ አለቀ። ለ14ኛው ክብረት ይስጥልኝ ብሎ አንድ ገጽ ሙሉ መረቀው። እኔም ክሩ አለቀ ብዬ ልዘጋው ስል 18ኛው መጣ።

18ኛው መድረኩ ላይ ሁሉም ጋሼ የሚላቸው ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ስለማይደብቁ ነው። ስለ ፍጥነት አንድ ቃል አልተናገሩም። ኮፒው ካለቀ በኋላ የካሜራዎቹን ካርድ ምን እንደሚያደርጋቸው ብቻ ጠየቁት። 19ኛው ላይ ልጁ በትሕትና መለሰላቸው። ካርዱንም ላፕቶፑንም እንደሚያጠፋ፣ ናሱን የገዛው ለዚሁ እንደሆነ፣ ደግሞም ሁለት ዲስክ ስላለው አንዱ ሌላውን እንደሚገለብጥ።

እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። 20ኛው በአምስት መስመር ገረፈው። ይህ ሬይድ የሚባለው ነው፤ ሬይድ ደግሞ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አይደለም። አንዱ ዲስክ ሲሞት ሌላው ያቆይሃል፤ ጥቅሙ ይኸው ነው። በስህተት የጠፋ ፎልደር ግን ከሁለቱም በአንድ ቅጽበት ይጠፋል። ሁለቱ ዲስክ አንድ ሳጥን ውስጥ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ገመድ ላይ፣ አንድ ቤት ውስጥ ነው ያሉት። ሌባ ሲወስድ አንዱን ትቶ አይሄድም። የሰው ሰርግ በአንድ ሳጥን ይዞ ካርድ ማጥፋትን ድፍረት ብሎ ጠራው። 21ኛው ደግሞ ከዚህም አልፎ ሄደ፤ የመድረኩ ተቆጣጣሪ አጠፋው፣ እኔም አልደግመውም። 20ኛው አነጋገሩ ቢመርም አንድም የተሳሳተ ነገር አልተናገረም። ሰው ግን እንዲሰማህ ከፈለግህ በ83 ደቂቃው ደስታ ላይ እንደዚያ አይገባም።

22ኛዋ የባንክ ቤት የአይቲ ሠራተኛ እንደሆነች ነግራን ነገሩን አበረደችው። በቀጥታ ገመድ ማገናኘት አንድ ያልተነገረለት ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ዴድቦልት የሚባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ የኪውናፕ ናሶችን ሲቆልፍ የገባው ለኢንተርኔት በተጋለጡት በኩል ነበር። የዚህ ልጅ ሳጥን ከሞደሙ ስለተለየ ከውጭ የሚያንኳኳበት የለም። ላፕቶፑ ራሱ ከተያዘ ግን ሌላ ነገር ነው። ናሱ እንደ ዲስክ ተከፍቶ፣ የይለፍ ቃሉ ተቀምጦ ከተገኘ ቫይረሱ እሱንም አብሮ ይቆልፈዋል። መፍትሔው ኮፒው ሲያልቅ ገመዱን መንቀል ነው። ጉዳቱንም አልደበቀችም። ኢንተርኔት የሌለው ናስ ሶፍትዌሩን ራሱ አያድስም፣ ዲስክ ሲታመም ኢሜይል አይልክም፣ ሰዓቱም ቀስ በቀስ ይዛባል። በየጊዜው ሞደሙ ላይ እየሰኩ ማደስ ያስፈልጋል።

23ኛው ወሬውን ወደ መብራት ወሰደው። መቼም የኛ ሰው መብራት ሳያነሳ አይውልም። እየጻፈ ያለ ናስ ላይ መብራት ሲሄድ የፋይሉ አደረጃጀት ሊበላሽ ይችላል። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ሳጥን) ብቻውን አይበቃም፤ ከዩፒኤሱ ወደ ናሱ የምትሄደው ቀጭኗ የዩኤስቢ ገመድ መሰካት አለባት። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ናሱ በሥርዓት ራሱን እንዲዘጋ የምትነግረው እሷ ናት። ብዙ ሰው ካርቶኑ ውስጥ ትቷት ይጥላታል።

24ኛው እንደገና እኔ ነኝ። ይህን ስጽፍ እጄ ከብዶኝ ነበር። የመጀመሪያ ናሴ ሳጥኑ ሲበላሽ ዲስኩ ጤነኛ ነበር። አውጥቼ ከዊንዶውስ ጋር ሰካሁት። ኮምፒውተሩ ከመጠቀሜ በፊት ፎርማት መደረግ እንዳለበት ነገረኝ። እሺ አልኩት። የናስ ዲስክ ብዙ ጊዜ በሊኑክስ ዓይነት፣ በኤክስት 4 ወይም በቢቲአርኤፍኤስ ነው የሚደራጀው፤ ዊንዶውስ ስለማያነበው ባዶ ይመስለዋል። ሊኑክስ ካለው ኮምፒውተር ጋር ብሰካው ኖሮ የማገኘው ነገር ነበር። የአራት ዓመት ፎቶ ነው።

25ኛዋ የሜሪላንዷ ናት። ስለ ገመድም ስለ ቁጥርም አልጻፈችም። አንዲት ሙሽራ ከስምንት ዓመት በኋላ ደወለችላት። አባቷ ማረፋቸው ነው። ከቤት ስትወጣ ጉልበት ስማ ሲመርቋት የተቀረጸውን ድምፅ ፈለገች። የራሷ ቅጂ ጠፍቷል። ፎቶ አንሺዋ ዋና ዲስኳ ላይ አጣችው። ናሱ ላይም የለም፤ ቦታ ሲጠብባት አጥፍታዋለች። የተገኘው እህቷ ቤት፣ ምድር ቤት፣ ከአገር ቤት የመጣ በርበሬ የተቀመጠበት ካርቶን ውስጥ ነው። ተራ ውጫዊ ዲስክ፣ በፕላስተር ዓመተ ምህረቱ የተጻፈበት። ዲስኩን ስትከፍት እያስነጠሳት ነበር። ከዚያ ወዲህ ፒተር ክሮግ የሚባለው አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ያስፋፋውን 3፣ 2፣ 1 አጥብቃ ያዘች። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ቤት። ከዚህ ምላሽ በኋላ ለአንድ ቀን ማንም አልጻፈም።

26ኛው ላይ ጠያቂው አጭር ነገር አሳወቀ። ሁለት ውጫዊ ዲስክ ገዝቷል። ናሱ ላይ የገባው ሁሉ በየሳምንቱ ወደ አንደኛው ይገለበጣል፤ ዲስኩ ሳሪስ አክስቱ ቤት ይሄዳል፣ በቀጣዩ ሳምንት ከሁለተኛው ጋር ይቀያየራል። ካርዱ የሚጠፋው ዲስኩ ሳሪስ ከደረሰ በኋላ ነው። አክስቱ ዲስኩን የት እንደምታስቀምጥ ሲጠይቋት ቁም ሳጥን ውስጥ ማለቷን፣ በርበሬ እንደሌለበት እሱ ራሱ ማየቱን ጨምሯል። ጋሼ አንዲት የአውራ ጣት ምልክት ሰጡት። ከሳቸው ይህ ብዙ ነው።

27ኛው ያ የብረቱ ናስ ገዢ ነው። ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ሊያገባ ነው። ሁለት ካሜራ ስንት እንደሚያስከፍል ጠየቀ፤ በኪሎ ነው ወይስ በሰዓት። ጠያቂው ዋጋውን በውስጥ መስመር እንደሚልክለት መለሰ። የቅጂውን ቁጥር ግን እዚያው በአደባባይ ጻፈለት፤ ሦስት፣ አንዱ ሳሪስ።